ከበሮው ሲቆም ማን ይቀራል?

“ዘንድሮስ ትመጣለህ ወይስ እንደ አምናው ሥራ ልታመካኝ ነው?” የሚለው ስልክ ሲደጋገም፣ በሰሜን አሜሪካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የጁላይ መጀመሪያ መቃረቡን ቀን መቁጠሪያ ሳናይ እናውቃለን። የኳሱ ሳምንት ደርሷል ማለት ነው። ስሙ የእግር ኳስ ውድድር ይሁን እንጂ፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከሚመጣው ሕዝብ ስንቱ ነው ማን ማንን እንዳሸነፈ አውቆ የሚመለሰው? ሰው የሚመጣው ሰው ሊያይ ነው። ቀን በድንኳኖቹ መካከል ሲዞር፣ ሲበላና ሲሳሳም ይውላል፤ ማታ ደግሞ ሙዚቃው ወዳለበት ይጎርፋል። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት ሌላ፣ ድምፃዊው መድረክ ላይ ብቅ የሚልበት ሰዓት ሌላ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን እያማረረም ቢሆን ሁሉም ይጠብቃል።

ከብዙ ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ምሽት ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሜ ነበር። አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ማሲንቆው ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ እስክስታው ተጀመረ። ሰውዬው ላቡን በመሐረብ እየጠረገ “ወንድሜ፣ እስቲ ያዝልኝ” ብሎ ኮቱን ሰጠኝና መሐል ገባ። እኔም ኮቱን እንደያዝኩ ተከተልኩት። ባንዱ ለእረፍት ሲወርድ ውጭ ወጥተን አየር እየወሰድን “የት ሰፈር ልጅ ነህ?” መባባል ጀመርን። ሰፈር ከሰፈር፣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ስናገናኝ ቆይተን ሳናስበው ወደማይነካው ጉዳይ ገባን። በ1977 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእሱ ታላቅ ወንድም በአንዱ የፖለቲካ ድርጅት፣ የእኔ ታላቅ ወንድም በባላንጣው ድርጅት ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ለጥቂት ደቂቃ ዝም ተባባልን። ከውስጥ ከበሮው እንደገና ሲሰማ “እንግባ እንጂ” አለኝ። ገባን።

ያ ምሽት አስታረቀን ልበል? የተጣላነው እኛ አልነበርንም። ይቅር አባባለን ልበል? ይቅርታ ጠያቂውም ሰጪውም ከአፈር በታች ናቸው። ነገር ግን ያ ሰው ከዚያ ሌሊት በኋላ ለእኔ “የዚያኛው ወገን ሰው” መሆኑ ቀርቶ ኮቱን ያስያዘኝ ሰው ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሆኖም ከሱ በላይ አድርጎ ማጋነንም ራስን ማታለል ነው። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ሙዚቃና ፌስቲቫል ማኅበረሰብን ያስተሳስራል እያልን ዘወትር ስንናገር ምን ማለታችን ነው? ትስስሩስ እስከ መቼ ይዘልቃል?

ከጭብጨባው በስተጀርባ

ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም በ1912 ባሳተመው የሃይማኖት ጥናቱ፣ ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው በአንድ ድምፅና በአንድ እንቅስቃሴ ሲዋሐዱ ከእያንዳንዳቸው አቅም በላይ የሆነ ግለት እንደሚፈጠር፣ “እኛ” የሚባለው ስሜትም ከዚያ ግለት እንደሚወለድ ጽፏል። የእኛ ገበሬ ይህን ለማወቅ ዱርካይምን አልጠበቀም። እህሉ በደቦ ሲታጨድ ዘፈን አለ፤ ሲወቃም ዘፈን አለ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በደቦው ላይ የሚያጭደው ይዘፍናል፣ የሚዘፍነው ያጭዳል። የማሳው ባለቤት ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ማጭዱን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይወርዳል። ሰዎቹን ያስተሳሰራቸው ዜማው ብቻ አይደለም፤ ተራው ነው። ዜማው የተራው ማጣፈጫና ማስታወሻ ነበር።

ዜማው ከተራው ሲለይ ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሚሆን በቅርቡ በዓይናችን አይተናል። በጁላይ 2018 የኤርትራው ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ ሲገቡ በሚሌኒየም አዳራሽ በሙዚቃ የደመቀ አቀባበል ተደረገላቸው። በየቤታችን በስክሪን የተመለከትን ሁሉ አልቅሰናል፤ ይህ ጸሐፊም አልቅሷል። ያ እንባ የውሸት አልነበረም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት እንደተቆጠሩ፣ በኖቬምበር 2020፣ በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ የኤርትራ ሠራዊትም ገባበት። አዳራሹን ያናወጠው ጭብጨባ አንዲት ጥይት አላስቀረም። ከዘፈኑ በስተጀርባ ሕዝቡ የሚያውቀው ውል፣ የሚጠይቀው ሒሳብ፣ የሚጠብቀው ተራ አልነበረምና ግለቱ እንደ ጉም ተነነ።

ኖቲንግ ሂል፦ ከደሴቶች አንድ ሕዝብ

ለስደተኛ ፌስቲቫል ሁነኛ ምሳሌ ከተፈለገ በለንደን የምትኖሩ ወገኖች በየዓመቱ በኦገስት መጨረሻ በደጃችሁ የሚያልፈው የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል አለ። ዛሬ እስከ ሁለት ሚሊዮን ሰው ይገኝበታል እየተባለ ይገመታል። አጀማመሩ ግን ከደስታ አልነበረም። በ1958 ክረምት ማብቂያ ላይ ነጭ ወጣቶች በኖቲንግ ሂል የካሪቢያን ስደተኞችን በዱላና በጠርሙስ አሳደዱ። በትሪኒዳድ የተወለደችው፣ በፖለቲካ አቋሟ ከአሜሪካ ተባርራ ለንደን የገባችው ጋዜጠኛ ክላውዲያ ጆንስ በጃንዋሪ 1959 በሴንት ፓንክራስ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የካሪቢያን ካርኒቫል አዘጋጀች። ቢቢሲም በቴሌቪዥን አስተላለፈው። ከፕሮግራሙ መጽሔት ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ከፊሉ በብጥብጡ ምክንያት መቀጫ ለተፈረደባቸው ወጣቶች እንዲውል ተደረገ፤ ለጥቁሮቹም ለነጮቹም። ይህችን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

በ1966 ደግሞ የሰፈሩ ማኅበራዊ ሠራተኛ የነበረችው ሮን ላስሌት የልጆች የጎዳና በዓል አዘጋጅታ የራስል ሄንደርሰን የብረት ከበሮ ባንድ ከቆመበት ተነሥቶ በጎዳናው መጓዝ ሲጀምር፣ ሕዝቡ ተከተለው። የዛሬው ካርኒቫል ከእነዚህ ሁለት ጅምሮች የመጣ ነው። አገር ቤት ሳሉ ትሪኒዳዱ ጃማይካዊውን፣ ጃማይካዊው የባርቤዶሱን ሰው “የትንሽ ደሴት ሰው” እያለ ሲናናቅ የኖረ ሕዝብ ነው። ለንደን ውስጥ በአንድ ጎዳና፣ ከትሪኒዳድ ካሊፕሶና ከጃማይካ ሬጌ ጋር ሲጓዝ፣ በደሴቱ ላይ ያልነበረውን “እኛ” አበጀ። ልብሱን የሰፉት፣ ሠረገላውን የሠሩት፣ ድምፅ ማጉያውን የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። ዝግጅቱ ወራት ይፈጃል፤ ጭፈራው ሁለት ቀን ነው። የተሳሰሩት በሁለቱ ቀናት ሳይሆን በወራቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጎዳናው ሁልጊዜ የሰላም አልነበረም። በ1976 ፖሊስ ብዙ ኃይል አሰማርቶ ከወጣቶች ጋር ተጋጨ፤ ከመቶ በላይ ፖሊሶች ተጎዱ። ይቅር፣ ወደ ስታዲየም ይዛወር የሚሉ ድምፆች ለዓመታት ተሰምተዋል። ካርኒቫሉ ግን ባለቤት ስለነበረው አልሞተም። በጁን 2017 በዚያው አካባቢ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ። ከሞቱት መካከል የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆችም ነበሩ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ካርኒቫሉ በደመቀበት ሰዓት ሙዚቃው ይቆማል፤ በኋላም ለሟቾቹ 72 ሰከንድ ጸጥ ማለት ልማድ ሆነ። ያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ጸጥ ሲል ጎዳናው ላይ የሚቀረው ነው ማኅበረሰቡ።

ቦሎኛ፦ ያስተሳሰረው ገመድ

ሁለተኛው ምሳሌ የጎረቤታችን ነው። ከ1974 እስከ 1991 ድረስ በየበጋው የኤርትራ ስደተኞች በጣሊያኗ የቦሎኛ ከተማ ይሰበሰቡ ነበር። በሮም የሰው ቤት ስታጸዳ የከረመችው፣ በጀርመን ፋብሪካ የሚሠራው፣ ከስዊድንና ከአረብ አገር የመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ቀን ስብሰባና ሴሚናር፣ ማታ ክራርና ከበሮ። መዋጮው የሚሰበሰበው፣ ቤተ ዘመድ የሚፈላለገው፣ ትዳር የሚመሠረተው እዚያ ነበር። ያን ትግል የደገፈም የተቃወመም፣ የእኛ ወገን የሆነ አንባቢም ቢሆን፣ አንድ ነገር መካድ አይችልም፤ ቦሎኛ የተበተነን ሕዝብ አገናኝታለች።

ታዲያ ያው ገመድ በኋላ ምን ሆነ? በ2014 አርባኛው ዓመት እዚያው ቦሎኛ ሲከበር ከውጭ ተቃዋሚዎች ተሰለፉ። ከነጻነት በኋላ ከራሱ ከኤርትራ መንግሥት የሸሹ ወጣቶች ናቸው። በጁላይ 2023 በጀርመን ጊሰን ከተማ በተደረገው የኤርትራ ፌስቲቫል ግጭት ተነሥቶ 26 ፖሊሶች ተጎዱ። በኦገስት በስቶክሆልም ድንኳኖች ተቃጥለው ከ50 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በቶሮንቶም ተመሳሳይ ነገር ታየ። በሴፕቴምበር መጀመሪያ በቴል አቪቭ ኤምባሲው ባዘጋጀው በዓል ምክንያት ኤርትራዊ ከኤርትራዊ ጋር በዱላና በድንጋይ ተፋጥጦ ከመቶ በላይ ሰው ተጎዳ።

በሁለቱም ወገን የሚጨፈረው ጭፈራ አንድ ነው። ከበሮው አንድ ነው፣ ክቡ አንድ ነው፣ የትከሻው አወራረድ አንድ ነው። ሙዚቃን በጋራ መውደድ ብቻውን ቢያስማማ ኖሮ በዓለም ላይ ከእነዚህ ሰዎች የበለጠ የሚስማማ ባልተገኘ ነበር። የተለወጠው የበዓሉ ባለቤት ነው። የስደተኛው የነበረው በዓል የመንግሥት ሲሆን፣ አንዱ ልጅ የሚዘምርበት መድረክ ለሌላው ልጅ የአሳዳጁ መድረክ ሆነ። ዱላ ማንሣቱን ማንም ጤነኛ ሰው አይደግፍም፤ ምክንያቱን አለማየት ግን ሌላ ጥፋት ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ የተመሠረተው በ1984 በሂዩስተን፣ ቴክሳስ ነው። ያ ዓመት ለእኛ ምን ዓመት እንደነበር ማስታወስ አያስፈልግም። ዓለም ኢትዮጵያ ሲባል የሚያየው የኮረም መጠለያ ነበር። በጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ ሲካሄድ በታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነ የሙዚቃ ድግስ በእኛ ስም ተደገሰ። ለተራበ ወገን የተዋጣውን ገንዘብ ማንኳሰስ ነውር ነው። ይሁንና በሁለቱም ስታዲየሞች መድረክ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልቆመም። እኛ በትልቁ ስክሪን ላይ ምስል ነበርን።

በዚያው ዘመን ነው እንግዲህ ቀን መኪና የሚያቆሙ፣ ማታ የሚማሩ፣ የጥገኝነት ወረቀታቸው ገና ያልተስተካከለ ወጣቶች ማልያ ገዝተው ኳስ መጫወት የጀመሩት። የዋልያስ ባንድ አባላት በ1981 ለሥራ ወደ አሜሪካ መጥተው ከፊሎቹ እዚሁ ቀርተው ነበር፤ የዋሽንግተን የሐበሻ ምሽቶችም በእነሱና በመሰሎቻቸው ጣቶች ነበር የሚሞቁት። ኳሱና ሙዚቃው የተጋቡት እንዲህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ወጪ እየሸፈነ፣ አዘጋጅ ከተማው እየተቀያየረ፣ በጁላይ አራት ሰሞን የሚደረገው ሳምንት ተራ የገባበት ደቦ ሆነ። አርቡ “የኢትዮጵያ ቀን” ተብሎ አያት ከልጅ ልጅ ጋር የሚወጣበት የባህል በዓል ሆነ።

ከዚያ 2012 መጣ። በውስጥ አለመግባባትና በፖለቲካ ምክንያት ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ነባሩ ፌዴሬሽን በዳላስ፣ በሼክ መሐመድ አል አሙዲ የገንዘብ ድጋፍ የተቋቋመው አዲሱ ማኅበር ደግሞ በዋሽንግተን፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ድግስ ደገሱ። በዋሽንግተኑ የገንዘብ ችግር አልነበረም። በዳላሱ በገዛ ኪሱ የመጣ ሕዝብ ነበር። በዋሽንግተን የተገኘ ሁሉ ሆዱን የሸጠ፣ በዳላስ የተገኘ ሁሉ ጀግና ነበር የሚለውን የያኔውን ፍርድ ዛሬ ላይ ሆኜ አልደግመውም። ብዙው ሰው ዘመዱ ወዳለበት፣ ትኬት ወደረከሰለት ነው የሄደው። ነገር ግን ዘፋኙ የት ዘፈነ፣ አንተ የት ታየህ የሚለው ጥያቄ በየለቅሶ ቤቱና በየክርስትናው ድግስ ሳይቀር ገባ። የተሻለ ገንዘብ የነበረው ሁለተኛው ድግስ ከዓመታት በኋላ ቀረ፤ ነባሩ በ2016 ድንበር ተሻግሮ ቶሮንቶ፣ በ2019 አትላንታ ደረሰ፤ በ2020 በወረርሽኙ ተቋርጦ እንደገና ቀጠለ። ከዚህ የምንማረው ገንዘብ አዳራሽ ይከራያል፣ ድምፃዊ ያስመጣል፤ ተራ ግን አይገዛም የሚለውን ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ በየከተማችን ድግስ የምናዘጋጅም የምንታደምም ራሳችንን ልንጠይቅ የሚገባን፣ በእኔ እምነት፣ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛው፣ ባለቤቱ ማን ነው? ወንበር የሚደረድረው፣ በር ላይ ቆሞ ትኬት የሚቆርጠው፣ ሌሊት ቆሻሻ የሚጠርገው ፈቃደኛ ሲቀንስና ሁሉ ነገር በአንድ ባለሀብት፣ በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ ኤምባሲ ቼክ ሲሠራ በዓሉ ሊደምቅ ይችላል፤ የእኛ መሆኑ ግን ያበቃል። ሒሳቡ በግልጽ የማይነበብ ፌስቲቫል ማኅበረሰብ አይሠራም፤ ሐሜት ይሠራል።

ሁለተኛው፣ መድረኩ ላይ ማን ይሰማል? ኦሮሞ ወገኖቻችን የራሳቸው የስፖርት ፌዴሬሽንና ዓመታዊ ሳምንት አላቸው። ሌሎችም የየራሳቸው በዓል አላቸው። ይህን ሁሉ “መከፋፈል” ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሰው በጋራ ድንኳን ውስጥ ቋንቋው ለአንድ ዘፈን ብቻ፣ ያውም ለማሟያ ያህል ሲጠራ የራሱን ድንኳን ቢተክል አይፈረድበትም። ችግሩ ድንኳኖች መብዛታቸው ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር እንግዳ መጥፋቱ ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ባሰብን። ድምፃዊ ሲጋበዝ አስቀድሞ የሚጠየቀው “ድምፁ እንዴት ነው?” ሳይሆን “የማን ነው?” ሆኗል። ምን አለ፣ ምን ሳይል ቀረ፣ ማን ጋር ፎቶ ተነሣ እየተባለ ይመረመራል። ሞትን በመድረክ ያወደሰን ሰው አለመጋበዝ ተገቢ ነው። ዝም ያለን ሁሉ ጠላት ማድረግ ግን በመጨረሻ ከራሳችን ሌላ የሚሰማን የማይኖርበት አዳራሽ ያወርሰናል።

ሦስተኛው፣ ከበሮው ሲቆም ምን እናደርጋለን? “አገር እየነደደ ይጨፈራል ወይ?” የሚለው ተቃውሞ በየዓመቱ ይነሣል፤ በቀላሉ የሚጣልም አይደለም። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ የቀበርናቸው ገና አልተቆጠሩም። እኔ ግን መልሱ ከበሮውን መስቀል ነው ብዬ አላምንም። የእኛ ባህል ሐዘንን በዝምታ ብቻ አላሳለፈም፤ ሙሾም ዜማ ነው፣ አልቃሿም ግጥም ታወርዳለች። የኖቲንግ ሂል ሰዎች የጭፈራቸውን መሐል አቁመው ለሟቾቻቸው 72 ሰከንድ ሰጥተዋል። እኛስ በኢትዮጵያ ቀን፣ የማን ወገን እንደሞተ ሳንለይ፣ ለሁሉም አንዲት ደቂቃ መቆም ይከብደናል? የሚከብደን ከሆነ ችግሩ ከጭፈራው አይደለም። ክላውዲያ ጆንስም ከድግሷ ያገኘችውን ገንዘብ ለራሷ ወገን ብቻ አላለችም።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ እኛ ትውልድ ብቻ አይደለም። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን የአያታቸውን ቋንቋ የሚያውቁት የወጥ ቤት ቋንቋ አድርገው ነው። በጓደኞቻቸው ፊት ስንናገረው የሚያፍሩበትም ጊዜ አለ። ያው ቋንቋ በስታዲየም ድምፅ ማጉያ በሺህ ሰው ፊት ሲያስተጋባ የሚያዩ ልጆች ትከሻቸው ሳይታዘዝ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ያ ልጅ ስለ 1977ም ሆነ ስለ 2012 አያውቅም። ድንኳኑን አፍርሰን ቂሙን ብቻ ብናወርሰው ምን እንለዋለን?

ስለዚያ ኮቱን ስላስያዘኝ ሰው ልጨርስ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ለዓመታት ተገናኝተናል፤ አንድ ዓመት በር ላይ ቆመን አብረን ትኬት ቆርጠናል። በ2012 እሱ ዋሽንግተን፣ እኔ ዳላስ ሄድን። በስልክ የተነጋገርነውን እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ ዛሬ ሳስበው ከሁለታችንም አፍ የወጣው የሚያሳፍር ነው። ለአራት ዓመት ተዘጋጋን። ከዚያ እናቱ ማረፋቸውን ከሌላ ሰው ሰማሁ። አምስት ሰዓት ነድቼ ለቅሶ ቤት ስገባ ከተቀመጠበት ተነሥቶ አቀፈኝ። ስለ ዳላስም ስለ ዋሽንግተንም የተነሣ ነገር የለም። ስወጣ እስከ መኪናዬ ሸኝቶኝ “ለመጪው ጁላይ ሆቴሉን እኔ እይዛለሁ፣ አንተ በሩን ያዝልን” አለኝ።

ዘንድሮም የደወለልኝ እሱ ነው። ሥራ አላመካኘሁም።

ቸር ያገናኘን።